አባይ የተባለችው መኪና ሰከላን ታውቀዋለች?

ይህን የምንጽፈው ሦስታችን ያደግነው ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ነው። በልጅነታችን አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብለን መኪና እንቆጥር ነበር። አውቶቡስና አይሱዙ አይቆጠሩም፤ እነሱ የሥራ ናቸው። የሚቆጠረው የቤት መኪና ነው፤ ከአዲስ አበባ ወጥታ ወደ ባሕር ዳር የምትከንፈው፣ ከፊት አባትና እናት ከኋላ ልጆች የተቀመጡባት። ከተማችን ውስጥ ስትቆም ያየናት ጥቂት ጊዜ ነው። ትዝ የሚለን ማለፏ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ መኪና ስንጽፍ ስለ ፈረስ ጉልበቷና ስለ ቀለሟ ልናወራ አይደለም። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ይቺ "የቤተሰብ መኪና" የምትባለው የተሠራችው ለየትኛው ቤተሰብ ነው?

አንዲት ጣሊያናዊት፣ ብዙ ልጆች

እስቲ ሁላችንም ከምናውቃት እንጀምር። አዲስ አበባን ለአሥርት ዓመታት በሰማያዊና ነጭ ቀለም ያመላለሰችው ላዳ አባቷ ሩሲያዊ ይሁን እንጂ እናቷ ጣሊያናዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 ፊያት 124 የምትባል አራት በር ያላት ቀላል መኪና አወጣ። በዓመቱ የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመረጠች። በዚያው በ1966 ሶቪየት ኅብረት ከፊያት ጋር ተፈራረመች፤ ከዚያም በቶሊያቲ ከተማ ግዙፍ ፋብሪካ መሥራት ጀመረች።

ልብ በሉ፣ ሩሲያኖቹ ስሟን ለውጠው ብቻ አልተዉአትም። መንገዳቸው ላይ ነድተው ፈተኗት፤ የጣሊያን አስፋልት የለመደችው መኪና አልቻለችውም። ስለዚህ ላሜራዋን አወፈሩት፣ ሆዷን ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ ሞላዋን አጠነከሩት። የኋላውን ዲስክ ፍሬን አውጥተው ጭቃና ጠጠር በሚችል ድራም ቀየሩት። ሞተሯንም ለወጡት። በብርድ ባትሪ ቢሞት ተብሎ በእጅ ማስነሻ ማኒቬላ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ተበጀላት። በ1970 ከፋብሪካ ስትወጣ መልኳ የፊያት ነው፤ ጉልበቷ ግን የአገሯ መንገድ ነበር።

ከዚያ መዋለድ ነው። 2101 ተባለች፣ 2103 ተከተለች፣ 2106 መጣች፣ ከዚያ 2105ና 2107። ዕቃ ለሚያበዛ ቤተሰብ ደግሞ ጀርባዋ የረዘመው 2102ና 2104 ነበሩ። 2107 ሩሲያ ውስጥ መመረቷ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አርባ ዓመት ያለፈው ዕድሜ የመጣው ከውበቷ አይደለም። ለመንገዷ ተብላ ስለተሠራች፣ ተራ መካኒክም በመፍቻና በመዶሻ ስለሚያድናት ነው።

ቱርኮችም የፊያት 131ን አካል ወስደው ሻሂን፣ ዶዋን፣ ካርታል ብለው በወፎች ስም ጠሯት፤ ጭልፊት፣ ንስር እያሉ። እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሠሯት። ጃፓን ደግሞ በ1966 ኮሮላን ወለደች። እኛ አገር ስትደርስ ስሟ ሌላ ሆነ፤ "ዲኤክስ" አልናት። ዲኤክስ እኮ የደረጃ ስም ነው፤ "ዴሉክስ" ለማለት ኋላዋ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ። እኛ ግን ለመኪናዋ ክርስትና አነሳንበት።

የኛዋ አባይ

ወደ ራሳችን እንምጣ። ሆላንድ ካር የሚባል የኢትዮጵያና የሆላንድ የጋራ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ መኪና መገጣጠም ጀመረ። መጀመሪያ ያወጣት ዶክ የምትባለዋ ከዚያችው ከቱርኳ ፊያት 131 የተወሰደች ነበረች። ቀጥሎ የቻይናውን ሊፋን 520 አመጣና "አባይ" አላት። ሌሎችም ተከተሉ፤ አዋሽ የተባለችም ነበረች።

ሊፋን የቾንግቺንግ ከተማ ኩባንያ ነው፤ በሞተር ብስክሌት ነው የታወቀው። ለ520 ከተመረጡት ሞተሮች አንዱ ቢኤምደብሊውና ክራይስለር ብራዚል ውስጥ በጋራ ያሠሩት ባለ 1.6 ሊትር ነበር። ያኔ የዓለም ነገር ሁሉ በአንዲት መኪና ተሰብስቦ ነበር ማለት ነው፦ የብራዚል ሞተር፣ የቻይና አካል፣ የሆላንድ ስም፣ የጎጃም ወንዝ። ሆላንድ ካር ግን አልዘለቀም፤ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ከስሮ ወጣ። ሊፋን ራሱም በ2020 ዕዳው ከብዶት ፍርድ ቤት ገባ።

በመክሰሩ አንሳለቅም። ለመሞከር የደፈረ ሁሉ ይከበራል። የሚያሳስበን ሌላ ነው። አባይ የሚፈልቀው እዚሁ ምዕራብ ጎጃም፣ ሰከላ ውስጥ፣ ግሽ አባይ ነው። የወንዙን ስም ለመኪና መስጠት ቀላል ነው። መኪናዋን ሰከላ የምትደርስ አድርጎ መሥራት ግን ሌላ ሥራ ነው። ሩሲያኖቹ ከስሙ በፊት የሠሩት ሁለተኛውን ነው።

ያቺ የመስቀል ሰሞን

2011 ዓ.ም. ለመስቀል ወደ ቤት ስንሄድ ተዋጥተን ከአንድ ወዳጅ መኪና ተከራየን። ዝቅ ያለች፣ የምታምር አውቶሞቢል ነበረች፤ ምን እንደሆነች አንናገርም፣ ጥፋቱ የኛ ነውና። ከጎሐ ጽዮን ወርደን የአባይን በረሃ ስንወጣ ሞተሩ ጋለ፤ ኮፈኑን ከፍተን ግማሽ ሰዓት ቆምን። ደጀን ደረስን። ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን አልፈን ፍኖተ ሰላም ገባን። ሰው ሁሉ ወጥቶ አየን። ደረታችንን ነፋን።

በማግሥቱ አያታችንን ልንጠይቅ ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ገጠር ገባን። አንድ ሰዓት አልሄድንም፣ ድንጋይ የዘይት ቋቱን ሰነጠቀው። ጥቁር ዘይት በጭቃው ላይ ፈሰሰ። ገበሬዎች ከእርሻ መጥተው ከበቡን። አንድ አባት ጎንበስ ብለው ከሥር አዩና "ልጆቼ፣ ይቺ እኮ ሆዷ መሬት ይልሳል። እንዲህ ያለች በቅሎ ማን ይገዛል?" አሉን። ሳቅን።

ሳቃችን ብዙ አልቆየም። ከላይ ካለው መንደር ሰዎች እየሮጡ መጡ፤ ትከሻቸው ላይ ቃሬዛ፣ ቃሬዛው ላይ ምጥ የያዛት ሴት። ወደ አስፋልቱ እያወረዷት ነው። ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ መኪናችንን ሲያይ ፊቱ በራ። "እግዜር ነው ያመጣችሁ!" አለ። እኛ ግን ምንም ማድረግ አልቻልንም። የመኪናዋን ቁልፍ በእጃችን ይዘን ቆምን። ተሸካሚ ተለዋወጡና አልፈውን ሄዱ። እኛም ተከትለን ቃሬዛውን በየተራ ያዝን። አስፋልቱ ላይ የተቀበላት ባጃጅ ነው። በሰላም መገላገሏን ማታ ሰማን፤ እፎይ አልን። እፍረታችን ግን እስከ ዛሬ አለ።

እኛ ዘንድ የቤተሰብ መኪና ባጃጅ ነው። ሦስት ጎማ ያላት፣ እናትን ከልጆቿ፣ ከበርበሬ ጆንያና ከዶሮዋ ጋር የምትሸከም። ማንም አስቦበት ለቤተሰብ ብሎ አልሠራልንም፤ ሌላ ስለሌለ ሆነች።

አሁን ደግሞ አባይ ራሱ ሊነዳ ነው

ዛሬ ነገሩ ተቀይሯል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ታክሱን አከበደበት። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ተናገረ። ለኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ቀረጡ ዝቅ አለ፦ ተገጣጥማ ለምትመጣ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመች 5 በመቶ፣ ተበታትና መጥታ እዚህ ለምትገጣጠም ዜሮ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የተባለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። እንግዲህ ትናንት መኪና በአባይ ስም ተጠራች፤ ዛሬ አባይ ራሱ መኪና ሊነዳ ነው። ደስ ይላል። ከልባችን ነው የምንለው።

ግን ዜሮ ቀረጥ ማለት ሁላችንም ያዋጣነው ገንዘብ ነው፤ የቃሬዛዋ ሴት ጭምር። ካዋጣን የመጠየቅ መብት አለን። የምትገጣጠመዋ መኪና የሆዷ ከፍታ ስንት ነው? ውድ የሆነው ባትሪዋ የተኛው እዚያው፣ የኛ የዘይት ቋት በተሰነጠቀበት ቦታ ነውና። የአባይን በረሃ አምስት ሰው ጭና ስትወጣ ተፈትናለች ወይስ ቦሌ መንገድ ላይ ብቻ? ቡሬ ላይ፣ የነቀምትና የባሕር ዳር መንገድ በሚለያይበት ቦታ፣ ቻርጅ ማድረጊያ ይኖራል? ስትበላሽስ የፍኖተ ሰላም መካኒክ ይከፍታታል ወይስ አዲስ አበባ ተጭና ትሄዳለች?

"መጀመሪያ መንገዱ ይሠራ፤ ለገጠር የሚያስፈልገው አምቡላንስና አውቶቡስ ነው" የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ አንከራከርም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰላም። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን በተነሳው ጦርነት መንገዱ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ፣ ስንቱ በሽተኛ መንገድ ላይ እንደቀረ የምናውቅ እናውቃለን። ሆኖም መንገዱ እስኪያምር ድረስ መኪና ሁሉ ለቦሌ ይሠራ ማለት፣ የኛ ቤተሰብ ቤተሰብ አይደለም ማለት ነው። ሩሲያኖቹ መንገዳቸው እስኪስተካከል አልጠበቁም፤ መኪናዋን አስተካከሉ።

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ከዛሬ ወዲያ በዜሮ ቀረጥ የሚገጣጠም የቤተሰብ መኪና በወንዛችን ወይም በተራራችን ስም ከመጠራቱ በፊት አንድ ፈተና ይለፍ። ከአዲስ አበባ ይነሳ፣ በረሃውን ይውጣ፣ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ ይደር፣ በማግሥቱ ሰከላ ይግባ። ሲመለስም ከኋላ ወንበሩ ላይ አንዲት እናት ተኝታ ሐኪም ቤት ታድርስ።

ያን ጊዜ አባይ ብላችሁ ጥሯት። ክርስትናውን እኛ እናነሳለን።