ስሙን እንግዛ ወይስ ሥራውን?



ባለፈው ወር አንድ አባት ሁለት ወረቀት ይዘው ወደ እኛ መጡ። በአንደኛው ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው የሚፈልጋቸውን የኮምፒውተር ዕቃዎች ዘርዝሮበታል። በሁለተኛው ላይ አንድ ነጋዴ «የጌም ኮምፒውተር፣ ኮር አይ 7» ብሎ ዋጋ ጽፎበታል። ለግዢው ያሰቡት ገንዘብ የዕቁብ ዕጣቸው ነው። «ልጄ የነጋዴውን ዕቃ አልፈልግም ይላል፤ ነጋዴው ደግሞ ልጅዎ ገና ነው አያውቅም ይለኛል፤ ማንን ልመን?» ሲሉ ጠየቁን።

እኚህ አባት ተወልደው ያደጉት ካዛንቺስ ነው። ቀድሞ ቴሌቪዥንም ሆነ ቴፕ ሲገዙ ዋስትናቸው ጉርብትና ነበር፤ ዕቃው ቢበላሽ ሻጩን ከደጁ ያገኙታል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ግን ነዋሪውም ባለሱቁም በየአቅጣጫው ሄደ። ዛሬ ቂርቆስ ውስጥ ሲገበያዩ ከማያውቁት ሰው ነው የሚገዙት። እንግዲህ ትውውቅ ይሰጥ የነበረውን ዋስትና በዕውቀትና በደረሰኝ መተካት ግድ ይላል።

በመጀመሪያ የነጋዴውን ወረቀት እንመልከት። «ኮር አይ 7» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግረንም። ዋናው ነገር ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ያህል አይ 7-2600 የተባለው ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሲሆን፣ አይ 3-12100 የወጣው በ2022 ነው። ሁለቱም ባለ 4 ኮር ናቸው፤ ይሁን እንጂ «ታናሹ» አይ 3 «ታላቁን» አይ 7 በፍጥነት ጥሎት ይሄዳል። ከዚህም በላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከሞላ ጎደል አይቀበልም። የነጋዴው ኮምፒውተር ሲታይ ከ2ኛው ትውልድ ነበር። በዚህ በኩል ልጁ ትክክል ነው።

የልጁስ ወረቀት? ከገንዘቡ ከግማሽ የሚበልጠውን ለግራፊክስ ካርድ መድቦ፣ ለፓወር ሰፕላይ ግን «ርካሹ ይበቃል» ብሎ ጽፏል። ይህ ደግሞ የልጁ ስሕተት ነው። ፓወር ሰፕላይ ለሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያድል ነው። መብራት በሚቆራረጥበትና ኃይሉ ከፍ ዝቅ በሚልበት ከተማ እርሱ ሲቃጠል ብቻውን ላይቃጠል ይችላል፤ ማዘርቦርዱንና ውዱን ካርድ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ታዲያ ገንዘቡ እንዴት ይከፋፈል? ገበያው ከፍ ዝቅ ቢልም፣ ለመካከለኛ አቅም የሚከተለው ሚዛን ይጠቅማል። ከ100 ብር ውስጥ 35 ያህሉ ለግራፊክስ ካርዱ፣ 30 ያህሉ ለፕሮሰሰሩና ለማዘርቦርዱ፣ 20 ያህሉ ለራሙና ለኤስኤስዲው፣ ቀሪው 15 ለፓወር ሰፕላዩና ለኬዙ ይሁን። ስክሪኑ ለብቻው ይታሰባል።

ዕቃ ሲመረጥ፣ አይ 5-12400 ባለ 6 ኮር በመሆኑ ለመካከለኛ ጌም ይበቃል። ራሙ 16 ጊጋባይት፣ ያውም ሁለት ባለ 8 ሆኖ ቢገዛ ከአንድ ባለ 16 ይሻላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ መረጃው በሁለት መንገድ ይተላለፋልና። የዲዲአር 4 ራም በዲዲአር 5 ማዘርቦርድ ላይ እንደማይገባም ልብ በሉ። አርቲኤክስ 3060 የተባለው ካርድ 170 ዋት ያህል ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ እስከ 117 ዋት ሊደርስ ይችላል። ሌላው ሁሉ ተደምሮ 350 ዋት አካባቢ ቢሆን ነው። ስለሆነም ታማኝ ስም ያለው ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል፤ 850 መግዛት ብክነት ነው። የተረፈው ገንዘብ ለዩፒኤስ ይዋል፤ መብራት ሲጠፋ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል።

አንድ የሚረሳ ነገርም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ገደማ የሳሳ በመሆኑ ማራገቢያው ሙቀትን የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ባለ መብራት ኬዝ ከመግዛት፣ ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ አየር አስገቢና አስወጪ ማራገቢያ ያለው ይመረጣል።

ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ጂፒዩ-ዚ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ማንነቱን ይመርምር፤ በስሙ የሚነግዱ የውሸት ካርዶች አሉና። ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል ጌም ያስኪድበት። በደረሰኙ ላይም የዕቃው ሙሉ ስምና ሴሪያል ቁጥር ይጻፍ።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ አብሮ መናሩ አያስገርምም። የአንዱ ዕቁብ ዕጣ ሁሉን ካልሸፈነስ? «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ሁሉን በአንድ ቀን ለመጨረስ ሲባል ደካማ ዕቃ አይገዛ። አይ 5-12400 በስሙ መጨረሻ ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል ከሌለው የራሱ ግራፊክስ አለው። ያለ ካርድም ለትምህርትና ለቀላል ጌም ያገለግላል፤ ካርዱ በሚቀጥለው ዕጣ ይጨመራል።

አባትና ልጅም በዚሁ ተስማሙ። ልጁ ለፓወር ሰፕላይ የጻፈውን በእጁ ሰርዞ አስተካከለ። አባትም የነጋዴውን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ኮምፒውተሩ ከልጁ መኝታ ክፍል ሳይሆን ሳሎን እንዲቀመጥ ያሉት አባት ናቸው፤ ልጁም እሺ አለ። ልጆች ስለ ዕቃው ከእኛ የበለጠ ሊያውቁ ይችላሉ፤ እኛ ደግሞ ገንዘብ እንዴት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚጠፋ እናውቃለን። ሁለቱ ዕውቀቶች ወደ ሱቅ አብረው ይሂዱ።