መስጊድ በር ያለችው ሱቅ

ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ጠብቆ አናገረኝ። መስጊዳችን በር ላይ ቴምር፣ የሾርባ አጃና ምስር የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው። «ሼህ፣ ከመንገዱ ማዶ የተከፈተው ትልቅ ሱፐርማርኬት ቴምሩን እኔ ከምረከብበት ዋጋ በታች ይሸጣል። ምን ላድርግ?» አለኝ። አፈር እያለም የጓደኞቹን ምክር ነገረኝ። ዋጋውን አስቀድሞ ከፍ አድርጎ «የረመዳን ታላቅ ቅናሽ» የሚል ባነር እንዲሰቅል፣ በቴሌግራም ደግሞ ዘመድ አዝማድ ደንበኛ መስሎ እንዲያሞግስለት መክረውታል።

«ሐራም ነው» ብዬ ብሸኘው ይቀለኝ ነበር፤ ልጁ ግን የጠየቀኝ ስለ እንጀራውም ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለመግዛት ሳያስብ ሌላውን ለማጓጓት ብቻ ዋጋ መጨመርን ከልክለዋል፤ ዑለማዎች ይህን «ነጅሽ» ይሉታል። ደንበኛ መስሎ የሚጽፍ ዘመድም በእኔ እይታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ደግሞስ በባነር ውድድር ከትልቅ ድርጅት ጋር ማን ይችላል?

በዋጋም እንዲሁ ነው። ትልቁ ድርጅት በቴምሩ ባያተርፍ እንኳ፣ ቴምር ብሎ የገባው ሰው ዘይትና ማካሮኒ ይዞ ስለሚወጣ ይካካስለታል። የኛ ልጅ የሚያካክስበት ሌላ መደርደሪያ የለውም።

ታዲያ ምን አለው? ነቢያችን በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥበት ማግኘታቸውን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ባለማድረጉ ወቀሱት። ይህን ሐዲስ ለዓመታት ያስተማርኩት እንደ ክልከላ ነበር። ለልጁ ግን እንደ ንግድ ምክር አነበብኩለት። የሱፐርማርኬቱ ቴምር በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ነው፤ እጁን የሚያስገባበት የለም። አንተ ካርቶኑን ክፈት፣ የደረቀውን ከለሰለሰው ለይ፣ የደረቀውን ደረቅ ነው ብለህ በርካሽ ሽጥ፣ የሚገዛውንም አቅምሰው አልኩት። (ቅምሻው በእርግጥ ከመግሪብ በኋላ ይሁን!) አንዲት እናት ለማፍጠሪያ ሰባት ፍሬ ብቻ ከፈለጉ ሰባት ፍሬ ቁጠርላቸው፤ ሱፐርማርኬቱ ለእሳቸው ብሎ እሽግ አይቀድም። ሕዝቡ ከተራዊሕ ሲወጣም ሱቅህ ክፍት ይሁን።

ዱቤም አለ። የቀን ሠራተኛው ደመወዙን ቅዳሜ እንደሚቀበል የሚያውቅ የሰፈር ባለሱቅ ነው፤ ካሸሯ ይህን አታውቅም። ዱቤው ግን ይጻፍ። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም አይደለም፤ የአል-በቀራ 282ኛው አንቀጽ ነው፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር ነው የሚናገረው። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ የቸገረውን ባለዕዳ እስኪያገኝ መጠበቅ ታዟል። ዕዳውን «እናስታውሰዋለን» ብለው ሳይጽፉ፣ ተፎካካሪ ሳይመጣባቸው የተዘጉ ሱቆች አይቻለሁ። ከጎኑ ያሉት አምስት ስድስት ባለሱቆች ገንዘብ አዋጥተው ከአስመጪው በአንድነት ቢገዙም ያዋጣቸዋል። ሽርክና በፊቅህ የታወቀ ነው፤ ዋጋ ለማስወደድ እስካልተመካከሩ ድረስ።

ትልቅ መሆን ወንጀል ነው እያልኩ አይደለም። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ወደ መዲና ሲሰደድ ሰዕድ ኢብን ረቢዕ ንብረቱን ሊያካፍለው አቀረበለት። እሱ ግን መርቆት የገበያውን መንገድ ጠየቀ፤ በአይብና በቅቤ ጀምሮ ከታላላቅ ነጋዴዎች አንዱ ሆነ። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ስለተከፈተ፣ የዚህ ልጅ ጥያቄ ነገ የብዙ ባለሱቅ ጥያቄ ይሆናል።

የኛን ነጋዴዎችም ልውቀስ። በሻዕባን የነበረውን ዋጋ ረመዳን ሲገባ ሰቅሎ «ወንድማችሁ ነኝ፣ ከኔ ግዙ» ማለት አያምርም። ደንበኛው የሻዕባኑን ዋጋ አልረሳም።

እኛስ? አምና የመስጊዳችን ኮሚቴ ለጋራ ኢፍጣር ቴምር ሲገዛ፣ በኪሎ ጥቂት ብር ለመቆጠብ ከአንድ ትልቅ አስመጪ ነበር ያመጣነው፤ እኔም ፈርሜያለሁ። መኪናው ያራገፈው በልጁ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ልጁ ይህን አላነሳብኝም፤ እኔ ግን እያወራን ሳለ ትዝ አለኝ። የዘንድሮው ግዢ ገና አላለቀም። ገንዘቡ የጀመዓው አማና ስለሆነ ብቻዬን አልወስንም፤ ቢያንስ ግማሹን በር ላይ ካሉት ባለሱቆች እንድንገዛ ግን ከጁሙዓ በኋላ ለኮሚቴው አቀርባለሁ።