ሁለተኛው ፍላጻ

ስለ ቡድሃ ትምህርት ብጽፍ «ራያ ላይ ቡድሃ ምን ይሠራል?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ታሪኩ ግን አገራችን ከገባ ቆይቷል። የመን ተወልደው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ እንባቆም፣ የግራኝ ጦርነት ባበቃ በአሥር ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1553 «በረላም ወይዋስፍ»ን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን አይቶ ዓለምን ስለናቀ የሕንድ ልዑል ነው የሚያወራው። በክርስቲያን ወግ ይተረክ እንጂ መነሻው የቡድሃ ሕይወት ነው።

ሃይማኖት ቀይሩ እያልኩ አይደለም። ከቡድሃ ትምህርት የሁለቱን ፍላጻዎች ምሳሌ ብቻ እንውሰድ። ሰው በፍላጻ ሲመታ ያመዋል፤ ይሄ የማይቀር ነው። ከዚያ በኋላ በንዴትና በቂም ሲብሰለሰል ግን ሁለተኛውን ፍላጻ ራሱ ላይ ይተክላል።

እስኪ ወደኛ እናምጣው። በ2013 መኸር አንበጣው የደረሰ ማሽላችን ላይ ወረደ። ጥቅምት ሳይወጣ ጦርነቱ ተከተለ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ያየነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከቆቦ እስከ ዋጃ፣ ከዋጃ እስከ አላማጣ ሐዘን ያልገባበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ይሄ የመጀመሪያው ፍላጻ ነው።

ሁለተኛውን ግን እኛው ነን የምንወረውረው። ወንድሙ የሞተበት ልጅ ጥይት ሲቆጥር ያድራል። አማርኛና ትግርኛ በአንድ ቤት እየሰማ ያደገ ጎረምሳ ፌስቡክ ላይ የእናቱን ወገን ይሰድባል። ለቅሶ አብሮ የተቀመጠ ጎረቤት ሰላምታ ይነፋፈጋል።

«ታዲያ ፍትሕ ይቅር ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይቀርም! የማንነቱም የወሰኑም ጥያቄ በሕግ ይመለስ። የኛዎቹ የዘወልድ ሽማግሌዎችስ ደም ሲያደርቁ መቼ «ዝም ብለህ እርሳው» ይላሉ? ያጠፋው ያምናል፣ ይክሳል፣ ከዚያ ይታረቃል። ፍላጻው መነቀል አለበት፤ በሌላ ፍላጻ ግን አይነቀልም።

የቡድሃ ተማሪዎች ንዴት ሲመጣ መጀመሪያ «ይሄ ንዴት ነው» ብለው ለይተው ያዩታል፤ ትንፋሻቸውን ያዳምጣሉ፤ እንደመጣ ሲሄድም ያዩታል። ይሄን ለመሞከር ገዳም መግባት አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ስልክህ ላይ አንጀትህን የሚያቃጥል ነገር ካየህ፣ ሼር ከማድረግህ በፊት እስከ ጠዋት አሳድረው።