የካናቢስን ስም መልአክ አያወጣውም

በአሜሪካዋ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ሁሉ ካናቢስ መግዛት ይችላል። ለህክምና የሚወስዱት ደግሞ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ይገዙ ነበር። አሁን ሁለቱም የሚገቡት ያው አንድ ሱቅ ነው። ልዩነቱ፣ የታካሚ ካርድ ያለው የሽያጭ ታክስ አይከፍልም። ታክሱ በጁላይ 2025 ከ9 ወደ 12 በመቶ ሲያድግ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ካለው የኛ ሰው መሀልም "ካርዱን ባወጣስ?" የሚል ቢኖር አይገርምም።

ካናቢስ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን ለሐኪም እንተወው። እኛን ያሳሰበን ታካሚው ሱቅ ገብቶ ምን አምኖ ይገዛል የሚለው ነው።

ብልቃጦቹ ላይ ብሉ ድሪም፣ ኦጂ ኩሽ የሚሉ ስሞች አሉ። ሻጩ "ኢንዲካው ያስተኛል፣ ሳቲቫው ያነቃል፣ ይሄኛው ለወገብ፣ ያኛው ለጭንቀት" ይላል። ሻጩ ግን ሐኪም አይደለም። በ2022 የወጣ፣ ከስድስት የአሜሪካ ግዛቶች ወደ 90 ሺህ የሚጠጉ ናሙናዎችን ያየ ጥናት፣ ኢንዲካ ሳቲቫ የሚለው መለያና ውስጡ ያለው ኬሚካል እንደማይገጣጠሙ አሳይቷል። በ2015 የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ አንድ ስም የተሰጣቸው ናሙናዎች አንዳንዴ ከስም መሰሎቻቸው ይልቅ ሌላ ስም ካላቸው ጋር እንደሚቀራረቡ አግኝቷል። ስለዚህ ባለፈው ወር እንቅልፍ የሰጣችሁ "ብሉ ድሪም" ሌላ ሱቅ ስትገዙት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ግን ነጋዴ ነው የሚያወጣው።

ታዲያ ምን እንይ? የላብራቶሪ ውጤቱን። ጠይቁ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የባች ቁጥር እጃችሁ ካለው ዕቃ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። የቲኤችሲና የሲቢዲ መጠን፣ ሻጋታ፣ ፀረ ተባይ፣ እንደ እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች፤ እዚያ ላይ ነው የሚታየው። ቁጥሩም ቢሆን ቅዱስ ቃል አይደለም። በ2023 ኮሎራዶ ውስጥ 23 ናሙናዎች ሲመረመሩ የአብዛኞቹ ቲኤችሲ ከተጻፈው ያነሰ ነበር። ገዢው ትልቁን ቁጥር ስለሚያሳድድ፣ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ መጻፍ ያዋጣል ማለት ነው።

"ይሄ ዝርያ ካንሰር ያድናል" ካሏችሁ ውጡ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለየትኛውም በሽታ ዕፁን ራሱን አላጸደቀም። ያጸደቀው እንደ ኤፒዲዮሌክስ ያሉ ጥቂት መድኃኒቶችን ነው፤ እሱም በ2018 ለከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች።

በከረሜላ መልክ የሚበላው ለመሥራት ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። "አልያዘኝም" ብሎ የሚደግም ሰው ነው ድንገተኛ ክፍል የሚገኘው። በ2.5 ሚሊግራም ቲኤችሲ ጀምሮ መጠበቅ፣ የተሰማንን ከባች ቁጥሩ ጋር ደብተር ላይ መጻፍ። እርጉዝ የሆነች፣ ወይም በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንካው። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድም እንዲሁ፤ ሲቢዲ ዋርፋሪኑን ከሚገባው በላይ ሊያጠነክረው ይችላል። እኛ ዘንድ ነገሩ ነውር ስለሆነ ከእናት ከአባት ይደበቃል። ይሁን። ከሐኪም ግን እንዳትደብቁ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ግዛቱ ቢፈቅድም ካናቢስ መያዝም ሆነ እዚያ ዘርፍ ውስጥ መሥራት ለዜግነት የሚጠየቀውን "መልካም ሥነ ምግባር" ሊያሳጣ ይችላል ብሏል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ኢንተርቪው ላይ "አዎ፣ እወስዳለሁ" ቢል፣ ሳይከሰስም ሳይፈረድበትም ማመልከቻው ሊወድቅ ይችላል። መዋሸት ደግሞ የባሰ ጣጣ ነው። እና ዜግነት ያልያዛችሁ፣ የታካሚ ካርዱን ከማውጣታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ፤ የ12 በመቶ ቅናሹ ይቆያል።

ለሀገር ቤት ጉዞ ሻንጣ ስታዘጋጁም ከረሜላው እዚያው ይቅር። የሜሪላንድ ካርድ ቦሌ ላይ አይሠራም።