ቃና ዘገሊላና የአሳላፊው ኃላፊነት

በዓለ ጥምቀት በውኃ ዳር ተከብሮ ባደረ ማግሥት፣ ጥር 12 ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ምእመናንን ይዛ የምትገባው ወደ ሰርግ ቤት ነው። ዕለቱ ቃና ዘገሊላ ይባላል። ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት ተአምሩ የተፈጸመው የካቲት 23 ቀን ሲሆን፣ የውኃው በዓል ከውኃው በዓል ጋር ይከበር ዘንድ ወደ ጥር 12 እንዲመጣ ተደርጓል። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የመጀመሪያውን ተአምር ያደረገው በሰርግ ቤት መሆኑን፣ የወይን ጠጁ ማለቁን፣ እመቤታችን የደጋሾቹን ጭንቀት ለልጇ መንገሯን፣ ስድስቱም የድንጋይ ጋኖች ውኃ መሞላታቸውን በየዓመቱ እንሰማለን።

ይሁን እንጂ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ወይኑ ለታዳሚው ከመታደሉ በፊት ለድግሱ አሳዳሪ ቀርቧል፤ እርሱም ቀምሶታል። እንግዳው ከመጠጣቱ በፊት የድግሱ ኃላፊ ያውቀው ዘንድ ግድ ነበር።

ይህ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአባቶቻችን ግብር ቤት አሳላፊው ጠጁን ለእንግዳ ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። ልማዱ የመነጨው መርዝ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ቢሆንም፣ ትርጉሙ ከዚያ ይሰፋል። የሚቀዳ ሰው ስለሚቀዳው ነገር ይጠየቃል ማለት ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣው የፈለግነውም ይህንኑ ነው፤ መጠጥ ደስታ የሚሆነው ስለ ጽዋው የሚጠየቅ ሰው ሲኖር ነው።

ነገሩን በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማና በአካባቢዋ፣ መመልከቱ ይበልጥ ያስረዳል። ከጎንደር በአዘዞና በአይከል አድርጎ ወደ ገንዳ ውኃ፣ ከዚያም ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ መንገደኛ የደጋውንና የወይና ደጋውን አገር ከኋላው ትቶ ነው የሚሄደው። «ወይና ደጋ» የሚለው ስም ራሱ ወይን የሚበቅልበትን አገር የሚያመለክት ሲሆን፣ መተማ ግን ከዚያ እጅግ ዝቅ ብላ የምትገኝ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ ምድር ናት። ስለዚህ የቆላው እመቤት ጠላዋን የምትጠምቀው በአብዛኛው ከማሽላ ነው፤ ጌሾው ከላይኛው አገር በገበያ ይወርድላታል። ለቅዳሴ የሚሆነውም ዘቢብ ከሩቅ ይመጣል፤ ዲያቆኑም በቤተ ልሔም ዘቢቡን አጥቦ፣ በውኃ ዘፍዝፎና ጨምቆ ለመሥዋዕት ያዘጋጀዋል። በመተማ ወይን እንደ ዕለት መጠጥ የሚቀዳ ሳይሆን ከመሠዊያው ጋር ተያይዞ የሚታወቅ ነገር ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

በእርግጥ ዛሬ የጠርሙስ ወይን በየከተማው ሰርግ ላይ እየታየ ነው። በ1930ዎቹ የተመሠረተው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርቶች፣ ጉደርና አክሱማይት፣ ለብዙ ቤተሰብ የቆዩ ስሞች ናቸው፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በዝዋይ የለማው ወይን ለገበያ ቀርቧል። ይህ የሚያስከፋ ነገር አይደለም። ነገር ግን በጠላ ዋንጫ የለመደ እጅ ወይኑንም በዚያው ልክ ሲቀዳ ይታያል። ጠላ እንደ አጠማመቁ ቢለያይም የአልኮል መጠኑ በአብዛኛው ከመቶ ከ6 እጅ አይበልጥም፤ ወይን ከመቶ እስከ 12 እና 13 ይደርሳል፤ ዳግም አረቄ ደግሞ ከመቶ ወደ 45 ይጠጋል። እንግዲህ አሳላፊው የዕቃውን ልክ ከመጠጡ ኃይል ጋር ካላስተያየ፣ «አንድ ዋንጫ» የሚለው ቃል ብቻውን ልክ ሊሆን አይችልም።

ጥር በመተማ ልዩ ወር ነው። ሰሊጡ ታጭዶና ተራግፎ ተሽጧል፤ ማሽላውም እየተሰበሰበ ወደ ጎተራ ይገባል። ከጎንደርና ከጎጃም ደጋዎች፣ ከወሎም ጭምር ለአረምና ለአጨዳ የወረደው ወጣት ለወራት የደከመበትን ዋጋ የሚቆጥርበት ጊዜ ነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ ደግሞ የሰርግ ወራት ነው። ገንዘብ፣ ድካምና ደስታ በአንድነት ይገናኛሉ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት ጽዋ ጎን ለጎን ሲቀዳ እናያለን። አንዱ የማኅበሩ ጽዋ ነው። ጸሎት ይደረሳል፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ጠላው በሙሴው ፊት ይቀዳል፤ ማን ጠጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን በዛበት የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ከልክ ያለፈ ቢኖር የሚቆጣ አባት፣ እጁን ይዞ ወደ ቤቱ የሚያደርስ ወንድም አለ። ሁለተኛው ከዘመዱ ርቆ የመጣው ሠራተኛ ብቻውን ተቀምጦ የሚጨልጠው የአረቄ መለኪያ ነው። በዚያ ቀምሶ የሚያቀርብለት፣ «ይበቃሃል ልጄ» የሚለው ሰው የለም። እናት በትውልድ መንደሩ የምትጠብቀው የበሬ መግዣ፣ የታናሽ እኅት የትምህርት ወጪ፣ የራሱም የጎጆ መውጫ በጥቂት ሌሊት ሊያልቅ ይችላል።

ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የመተማና የሑመራ ቆላዎች ወባና ካላዛር የሚገኙባቸው ቦታዎች ናቸው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ስትሆን፣ ሌሊት በሜዳ፣ በግራር ሥር፣ ያለ አጎበር የሚተኛ ሠራተኛ ለእርስዋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ሰክሮ በመንገድ ዳር የወደቀ ሰው አጎበር ሊዘረጋ እንደማይችል ግልጽ ነው። በሰርግም ላይ እንዲሁ ነው፤ መሣሪያ መያዝ በተለመደበት አገር ደስታን በተኩስ መግለጽ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ጠጅና ጥይት በአንድ አዳራሽ ሲገናኙ የእልልታው ቤት በቅጽበት የለቅሶ ቤት ይሆናል።

ታዲያ መፍትሔው መጠጥን ፈጽሞ መኮነን ነውን? አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል፤ እርሱ ራሱ ግን ስካርን አጥብቆ ከልክሏል። ጌታም ወደ ሰርጉ የሄደው ሊወቅስ አልነበረም፤ ያፈሩትን ደጋሾች ከኀፍረት ሊያድን ነበር እንጂ። አረቄ ቸርችራ ልጆቿን የምታሳድግ እናትንም ማውገዝ ቀላል ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ እንድታገኝ ማገዝ ግን ይከብዳል። ቢሆንም እርስዋም ቀጂ ናትና ስለ ጽዋው ትጠየቃለች። የአገሪቱ ሕግም ይህንኑ ኃላፊነት ያስቀምጣል፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ለአጨዳ ከሚወርዱት ወጣቶች መካከል ይህን ዕድሜ ያልሞሉ ጥቂት አለመሆናቸውን የማያውቅ የለም።

ባለ እርሻውም ድርሻ አለው። የወራት ድካም ዋጋ በአንድ ምሽት በእጅ ተቆጥሮ ከሚሰጥ፣ በባንክ ሒሳብ ቢገባ ወይም ወደ ቤተሰብ እንዲላክ ቢታገዝ፣ ወጣቱ ከብዙ ፈተና ይድናል። የአጥቢያው ካህናትና ሰንበቴዎችም በበዓል ቀን እነዚህን እንግዶች ወደ ማኅበሩ ቢጠሯቸው መልካም ነው። ብቻውን የሚጠጣውን ወደ ማዕድ ማምጣት ከተግሣጽ ሁሉ የተሻለ ተግሣጽ ነውና።

መተማ የድንበር ከተማ ናት። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. በዚያ የወደቁባትና ስማቸውን የተሸከመች ከተማ፣ ዛሬ ሰፊ የንግድ በር ናት፤ በሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ምክንያትም ብዙ ስደተኞች ድንበሩን ተሻግረው በእርስዋ በኩል ገብተዋል። በአገሬው ክርስቲያን ሰርግ ላይ ሙስሊም ጎረቤት አይጠፋም፤ ለእርሱም ማዕዱ ለብቻው ይሰናዳል። እንግዲህ ልባም ደጋሽ ከጠጁ ጎን ያልፈላውን ብርዝ፣ ከጠላው ጎን ቀሪቦውን ወይም ቀዝቃዛ ከርከዴውን ሲያቀርብ ሁለት በጎ ሥራ ይሠራል። የጎረቤቱን እምነት ያከብራል፤ መጠጣት የማይፈልገው ክርስቲያንም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ መኪና የሚነዳውም ያለ ኀፍረት ጽዋ እንዲያነሡ ያስችላል። «ካልጠጣህ አልተደሰትክም» የሚለው ግብዣ ማክበር ሳይሆን ማስገደድ ነው።

በቃና ሰርግ ቤት ጋኖቹን የሞሉት አገልጋዮች ነበሩ፤ ቀድተው የወሰዱትም እነርሱ ናቸው። ወይኑ ከወዴት እንደ መጣ አሳዳሪው ሳያውቅ እነርሱ ያውቁ ነበር። በየቤታችንም ጋኑን የሞላችው እናት፣ ብርሌውን የያዘው ሚዜ፣ መለኪያውን የምታነሣው ነጋዴ በእጃቸው ያለውን ያውቃሉ። ከፊታቸው የተቀመጠው ሰው ስንት እንደ ጠጣ፣ ወደ ማን ቤት እንደሚመለስ፣ ማን እንደሚጠብቀው ለማወቅ ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ በዚህ የሰርግ ወራት ጽዋ የምትቀዱ ሁሉ፣ ከመቅዳታችሁ በፊት እንደ ቀድሞው አሳላፊ በመዳፋችሁ ጠብ አድርጋችሁ ቅመሱ፤ የምታቀርቡትን ለገዛ ልጃችሁ የምትሰጡት መሆኑን እርግጠኞች ሁኑ። ያን ጊዜ ከደጋ የወረደው ወጣት ደስታውንም ገንዘቡንም ይዞ ወደ እናቱ ይመለሳል።

ለመላው የክርስትና እምነት ተከታዮች፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱና ለበዓለ ቃና ዘገሊላ በሰላም አደረሳችሁ።