ድመትን ከመግደል ንጽሕናን መጠበቅ ይሻላል

ድመት የቤት ወዳጅ መሆንዋን የማያውቅ የለም። በጎተራ እህልን፤ በዕቃ ቤት ብራናንና መጻሕፍትን ከአይጥ ጥርስ ስለምትጠብቅ፤ በገበሬው ቤትም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ስፍራ አላት። ይሁን እንጂ የሚጠቅም ነገር ሁሉ ጉዳት የሌለበት አይደለምና፤ ከድመት ጋራ የሚኖር ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ።

ይኸውም ቶክሶፕላዝማ የሚባለው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሐዋሲ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. ሻርል ኒኮልና ሉዊ ማንሶ በቱኒስ፤ ጉንዲ በምትባል አይጥ መሰል እንስሳ ውስጥ አገኙት። የተሐዋሲውን እንቍላል የሚጥሉት ድመትና የድመት ወገኖች ብቻ መሆናቸው የታወቀው ግን ከ60 ዓመት ያህል በኋላ ነው።

«ድመት መንኩሳ ዓመልዋን አትረሳ» እንዲሉ፤ ድመት አይጥ ማደንን አትተውም፤ ተሐዋሲውም የሚገባባት በአይጥና በጥሬ ሥጋ ነው። መጀመሪያ በተያዘች ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር እንቍላል ከዓይነ ምድርዋ ጋራ ትጥላለች፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ታቆማለች። የተጣለውም እንቍላል ሰውን ለመያዝ የሚችለው ከ1 እስከ 5 ቀን ቈይቶ ነው፤ በእርጥብ አፈር ግን ከዓመት በላይ ይኖራል። ሰው ባልታጠበ አትክልት፤ ባልጠራ ውሃ፤ በቆሸሸ እጅና ባልበሰለ ሥጋ ይቀበለዋል።

ጤናማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ አይታወቀውም። እርጉዝ ሴት በእርግዝናዋ ወራት መጀመሪያ የተያዘች እንደ ሆነ ግን፤ ፅንሱ ሊጨነግፍ፤ ወይም ሕፃኑ በዓይኑና በአንጎሉ ተጐድቶ ሊወለድ ይችላል።

የተሐዋሲውም ዘር በየአገሩ አንድ አይደለም። በአውሮፓ ሊቃውንት ሁለተኛ ብለው የሚጠሩት ዘር ይበዛል፤ በብራዚል ግን ዘሩ ልዩ ልዩ ነው፤ ይዞአቸው በሚወለዱት ሕፃናት ላይ የሚደርሰው የዓይን ጉዳትም ከአውሮፓው የበረታ ሆኖ ተገኝቶአል። በአዲስ አበባ ባለቤት በሌላቸው ድመቶች ላይ ተደርጎ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው ምርመራ፤ ከ10 ድመቶች ከ8 የሚበልጡት ተሐዋሲው እንደ ገባባቸው አሳይቶአል።

ይህን ሰምቶ ድመትን ሁሉ ለማጥፋት የሚነሣ ሰው ይሳሳታል። ያረጀችው ድመት አብዛኛውን ጊዜ እንቍላል መጣልዋን ያቆመች ስትሆን፤ በስፍራዋ የምትተካው ትንሽ ድመት ግን ገና የምትጀምር ናት፤ አይጡም እስከዚያው ይበዛል። የሚሻለው የድመትን ዓይነ ምድር በየዕለቱ ጠርጎ መቅበር፤ ይህንም ሥራ ለእርጉዝ ሴት አለመተው፤ እጅንና አትክልትን በሚገባ ማጠብ ነው። ጥሬ ሥጋ ለእንግዳ ክብር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለእርጉዝ ሴት ግን ብዪ እያሉ ማስጨነቅ ክብር አይደለም።

የማዘጋጃ ቤት ሹማምንትም ድመት ከቄራ ትራፊና ከመንገድ ዳር ቆሻሻ እንዳትመገብ ማድረግ ይገባቸዋል። ፈረንሳይ በ1978 እ.ኤ.አ. ሴቶች ከጋብቻ በፊት ስለዚህ በሽታ እንዲመረመሩ በሕግ አዘዘች። ምርመራው በሁሉ ስፍራ ባይደርስም ምክር ይደርሳል፤ ሐኪም በማይገኝበት መንደር የነፍስ አባት ይገኛልና። የነፍስ አባት ለንስሓ ልጁ ይህን በጊዜው ቢነግራት፤ ገና ያልተወለደውን ሕፃን ዓይን አዳነ ማለት ነው።