ውሃ ብቻ ይበቃታል ያለው ማነው?

ሀገር ቤት ሳለሁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምር ነበር፤ እዚህ ታክሲ እነዳለሁ። ባለፈው የብርድ ወራት ከኖርዝ ዮርክ፣ ከፊንች አካባቢ፣ አንዲት አረጋዊት እናትን ከልጃቸው ጋር ወደ ሆስፒታል አደረስኩ። ተቅማጥና ትውከት ከያዛቸው ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። እማማ ከኋላ ወንበር ሆነው ‹‹ደብረ ብርሃን ደረስን ወይ?›› ይሉኛል። ልጃቸው እያለቀሰች ‹‹ጋሼ፣ ውሃ እኮ ሳላቋርጥ አጠጥቻታለሁ፤ እርጅናው ነው መሰለኝ›› አለችኝ። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ሰጥተሻቸዋል ወይ ብላት፣ ‹‹እሱ የሕፃን አይደል እንዴ?›› አለች።

ወገኖቼ፣ የእኔ ጠብ ከዚህች ቃል ጋር ነው። ከልጅቷ ጋር አይደለም፤ እርሷማ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አላየችም። ስልኬን ሰጥቻት ነበርና ኋላ ደውላ እንደነገረችኝ፣ እማማን ያዘባረቃቸው እርጅና ሳይሆን በደማቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም መውረዱ ነው። በተቅማጥ የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ሶዲየምና ፖታሲየምም አብረው ይወጣሉ። የወጣውን በባዶ ውሃ ብቻ ስንተካው የቀረችውን ጨው እናቀጥናታለን።

ታዲያ ስኳሩ ለምን ገባ? አንጀት ስኳርንና ጨውን አጣምሮ ይስባል፤ ውሃውም ይከተላቸዋል። ይህን ሮበርት ክሬን የተባለ ሳይንቲስት በ1960 እ.ኤ.አ. ፕራግ ላይ አስረዳ። በ1971 ደግሞ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ፣ ከዛሬዋ ባንግላዴሽ ሸሽተው ሕንድ በገቡ ስደተኞች መካከል ኮሌራ ሲገባ፣ የሚጠጣውን ድብልቅ በበርሜል አዘጋጅተው አደሉ። ከመቶ 30 ያህል የነበረው ሞት ከመቶ 4 በታች ወረደ። የጠጡት ሕፃናት ብቻ ነበሩን? እኛስ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ‹‹አተት›› የተባለው በሽታ ሲገባ (ስሙን በግልጽ ላለመጥራት የተደረገው ትግል ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል) ዱቄቱን ለአዋቂም በጥብጠን አላጠጣንምን? ቶሮንቶ ስንገባ የሕፃን የሆነው በምን ምክንያት ነው? ፋርማሲዎቹም አላገዙንም፤ ፔዲያላይቱን ከዳይፐር አጠገብ ይደረድሩታል።

እንዲያውም ከሕፃን ቀጥሎ የሚያስፈልገው ለሽማግሌ ነው። ሰው ሲያረጅ ጥሙ ይደክማል፤ ኩላሊቱም ውሃና ጨው መቆጠብ ያቅተዋል። ቆዳን ቆንጥጦ ማየት በሕፃን ላይ ይሠራል፤ በተሸበሸበ ቆዳ ላይ ግን ያታልላል። በዚያ ላይ የክኒኑ ነገር አለ። እማማ በተቅማጡ መካከል ሽንት የሚያበዛውን የደም ግፊት ክኒን ጠዋት ጠዋት ይውጡ ነበር። እርሱም፣ የስኳር በሽታው ሜትፎርሚንም፣ የሕመም ማስታገሻው ኢቡፕሮፌንም ሰውነት ሲደርቅ ሊጎዱ ይችላሉ። በገዛ እጅ ማቆም አይገባም፤ በዚያው ቀን ፋርማሲስቱን ወይም በ811 ነርስ መጠየቅ ነው። ልብ ወይም ኩላሊት የታመመ ሰውም መጠኑን ከሐኪሙ ይወቅ።

‹‹የቡና ዱቄት በማር›› ለሚሉኝ ወዳጆቼ፦ ማሩን አልጠላም፤ የወጣውን ጨው ግን አይመልስም። ለስላሳና ጭማቂም ስኳራቸው በዝቶ ተቅማጡን ሊያብሱት ይችላሉ። ፓኬት ከጠፋ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ፖታሲየም ስለሌለው ፓኬቱን አይተካከልም፤ ጨው መጨመርም አደጋ አለው፤ ስለዚህ በግምት አይሆንም። ካስመለሳቸው አሥር ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ መቀጠል ነው። ከዘባረቁ፣ ሽንት ካጡ፣ ቆመው መሄድ ካቃታቸው ወይም ደም ከታየ ግን ማንኪያውን አስቀምጡና 911 ደውሉ፤ እኔን አትጥሩ፤ ታክሲ አምቡላንስ አይደለም።

ለሐኪሙም ‹‹እናቴ እስከ ትናንት እንዲህ አልነበረችም›› በሉት። አማርኛ የማይሰማ ሰው የእማማን ደብረ ብርሃን የቆየ የመርሳት በሽታ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የክኒኖቻቸውን ስም በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉ፤ ዛሬ ማታ።